ከቪዲዮ የሰሙትን ክፍል ውስጥ የሚደግሙ ወንዶች ልጆች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ11 እስከ 17 ዓመት የሚሆናቸው ወንዶች ልጆች ያሏቸው ወላጆች፣ መምህራንና የትምህርት ቤት አመራሮች፣ ሴቶችን ስለሚያንቋሽሹ የኦንላይን ቪዲዮዎችና በልጆቹ ላይ ስለሚያሳድሩት ተጽዕኖ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። አንዳንዱ መልስ ረዘም ብሏል፤ ጉዳዩ ራሱ በአጭሩ የማያልቅ ስለሆነ ነው።

ቪዲዮ ማየት ብቻውን የልጅን ባህሪ ይለውጣል?

ብቻውን አይለውጥም። ልጁ በቀን ከሚያያቸው አጫጭር ቪዲዮዎች አብዛኛውን እዚያው ይረሳዋል። የማይረሳው ከጓደኞቹ ጋር የሚጋራውን ነው። ሴቶችን የምታንቋሽሽ አንዲት አባባል ከስልኩ ይዞ ይመጣል፤ ክፍል ውስጥ ይወረውራታል፤ ሦስት ልጆች ይስቃሉ፤ መምህሯ ትደነግጣለች፤ በእረፍት ሰዓት ስሙ ይነሳል። በማግስቱ ይደግማታል። በዚህ ደረጃ ሀሳቡን አምኖበት ላይሆን ይችላል፤ የጣመው ሳቁ ነው። ደጋግሞ ካለው ግን አቋም ይሆንበታል፤ ሰው በሰው ፊት የተናገረውን ላለማጠፍ ሲል ማመን ይጀምራልና።

ስለዚህ ስልኩ ምንጩ ቢሆንም ገበያው ክፍሉ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ በዚህ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፦ ተናጋሪውን ልጅ ከማረም እኩል፣ የሚስቅለትን ሰው ማሳጣት ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ወንዶች ልጆች በነገሩ አይስማሙም፤ ችግሩ እያንዳንዱ “ሌሎቹ ሁሉ ይስማማሉ” ብሎ ስለሚያስብ አብሮ ፈገግ ማለቱ ነው።

ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ፈልጎ አያውቅም። እንዴት ደረሰው?

መፈለግ አይጠበቅበትም። በ2024 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአየርላንዱ ደብሊን ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 10 አዲስ አካውንቶች በዩቲዩብ ሾርትስና በቲክቶክ ላይ ከፍተው ነበር። በታዳጊ ወንድ ስም የተከፈቱት ሁሉም በመጀመሪያዎቹ 23 ደቂቃዎች ውስጥ ሴቶችን የሚያጣጥል ወይም ሌላ ጽንፈኛ ይዘት ቀርቦላቸዋል። ተራ ነገር ብቻ የፈለጉትም አልቀረላቸውም። በዚያው ዓመት የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና የኬንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ደግሞ በቲክቶክ “ፎር ዩ” ገጽ (አፑ ራሱ መርጦ ቪዲዮ በሚያቀርብበት) ላይ ሴት ጠል ይዘት በአምስት ቀን ውስጥ ከ13 በመቶ ወደ 56 በመቶ መድረሱን አሳይቷል።

አልጎሪዝሙ፣ ማለትም ቀጣዩን ቪዲዮ የሚመርጠው የአፑ ስሌት፣ የሚቆጥረው የልጁን እምነት አይደለም፤ ጣቱ የት ላይ እንደቆመ ነው። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ ካየው፣ ደግሞ ካየው፣ ኮሜንቱን ከከፈተ፣ ለጓደኛ ከላከው ሁሉም “ወዶታል” ተብሎ ይመዘገባል። ተናድዶ የስድብ ኮሜንት መጻፉም ያው ነው።

መግቢያ በሮቹ ደግሞ ምንም ክፋት የሌለባቸው ናቸው፦ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የቪዲዮ ጌም፣ ገንዘብ አሠራር፣ ቀልድ፣ ከሴት ልጅ ጋር እንዴት እንደሚወራ። የ13 ዓመት ልጅ ክንዱን ለማፈርጠም አንድ ቪዲዮ ያያል። ቀጣዩ ስለ ዲሲፕሊን ያወራል። ከዚያ “ደካማ ወንድ” ስለሚባለው። ከዚያ ወንድን ማን እንዳደከመው። መልሱ ሁልጊዜ “ሴቶች” ነው።

አንድን ሰው ማገድም ነገሩን አይዘጋውም። ሴቶችን በሚያንቋሽሽ ንግግሩ የታወቀው የቀድሞው ኪክቦክሰር አንድሩ ቴት በነሐሴ 2022 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከፌስቡክ፣ ከኢንስታግራም፣ ከቲክቶክና ከዩቲዩብ ተባሯል። ክሊፖቹ ግን በሌሎች አካውንቶች መዘዋወራቸውን አላቆሙም። ይሰጥ ለነበረው የኦንላይን ኮርስ ተመዝጋቢ ያመጡ ተከታዮቹ ኮሚሽን ያገኙ ስለነበር፣ ንግግሩን እየቆራረጡ መለጠፍ ገቢያቸው ነበር። ልጅዎ የሰውየውን ገጽ ፈጽሞ ሳይከተል ድምፁን ሊለይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍል ውስጥ በምን ይታወቃል?

ከተራ የጉርምስና ድፍረት የሚለየው አቅጣጫ ስላለው ነው። ተራ ረባሽ ሁሉንም ይረብሻል። ይህኛው ግን ወንድ መምህር ሲያስተምር ጸጥ ብሎ፣ ሴት መምህር ስትገባ ያቋርጣል፣ “እርግጠኛ ነሽ?” ይላል፣ ወይም ጥያቄዋን ሰምቶ ወደ ጓደኛው ዞሮ ይመልሳል። ሴት ተማሪ እጇን ስታነሳ ማጉረምረም፣ ልጃገረዶችን ከ10 ነጥብ መስጠት፣ “ወደ ኩሽና” የሚል ቀልድ፣ ከሴት ጋር በቡድን መሥራትን መሸሽ፣ ስለ ጥቃት ትምህርት ሲሰጥ “ሁሉም ውሸት ነው” ብሎ መጮህ ተደጋግመው የሚታዩ ናቸው።

በምልክት የሚመጣም አለ። ጥያቄ ሲቀርብለት ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርግና ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ ድረስ የመንጋጋውን መስመር ይጠቁማል፤ ቃል አይወጣውም። “ምዩዊንግ” ይሉታል። ምላስን ከላንቃ ጋር አጣብቆ መንጋጋን ለማሳመር መሞከር ነው፤ ምልክቱም “አሁን አፌን መክፈት አልችልም” ማለት ነው። አንዴ ከሆነ ቀልድ ነው፣ ያልፋል። አራት ልጆች ተራ በተራ ለአንዲት መምህር ብቻ ካደረጉት ግን ማስቸገሪያ ሆኗል።

ሌላው፣ ብዙም የማይነገረው ምልክት ዝምታ ነው። ድሮ በግጥም ወይም በሥዕል ይሳተፍ የነበረ ልጅ “የሴት ነገር” እንዳይባልበት ድንገት ይተዋል። ይህን ልጅ ማንም አይከሰውም፤ ግን በዚሁ ጎርፍ የተወሰደ ነው።

የሚጠቀሙባቸው ቃላት ምን ማለት ናቸው?

ሁሉንም ማወቅ አያስፈልግም፤ በየወሩም ይለዋወጣሉ። የማይጠፉት እነዚህ ናቸው። “አልፋ” የበላይ ወንድ፣ “ቤታ” ተገዢ ወንድ፣ “ሲግማ” ማንንም የማይፈልግ ብቸኛ ጀግና ነው፤ የመጨረሻው ዛሬ በአብዛኛው ለቀልድ ይውላል። “ሬድ ፒል” ማለት “ስለ ሴቶች እውነቱን ያወቀ” ነው። “80/20” ደግሞ 80 በመቶ ሴቶች የሚፈልጉት 20 በመቶ ወንዶችን ብቻ ነው የሚል በማስረጃ ያልተደገፈ አባባል ነው። “ኢንሴል” ሴት አላገኘሁም ብሎ ሴቶችን የሚወነጅል ወንድ ነው። “ሉክስማክሲንግ” መልክን በማንኛውም መንገድ ማሻሻል ሲሆን፣ ፊት ከመታጠብ ጀምሮ አጥንትን እስከ መጉዳት የሚደርስ ምክር አለው።

ቃሉን መስማት ብቻ አያስደንግጥ። “ሲግማ” የሚሉ የ11 ዓመት ልጆች አብዛኞቹ ድምፁን ነው የወደዱት። መታየት ያለበት ቃሉ በማን ላይ እንደዋለ ነው።

ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር በክፍል ፊት ሲናገር መምህር ምን ይበል?

አጭር፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ወዲያው ወደ ትምህርቱ የሚመለስ ነገር። ከ10 ሰከንድ አይብለጥ። ለምሳሌ፦ “እዚህ ክፍል ሰው በፆታው አይዋረድም። ገጽ 42፣ ሁለተኛው ጥያቄ።” በቃ። ድምፅ አይነሳም፣ ዓይን ልጁ ላይ አይቆይም። የተነቀፈው አነጋገሩ እንጂ ልጁ አይደለም፤ ደንቡም ለሁሉም ተነግሯል።

የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ክርክር መግጠም ነው። መምህሩ ወይም መምህሯ በማስረጃ ብትረታውም እንኳ 15 ደቂቃ መድረክ ሰጥታዋለች፤ ክፍሉም የሚያስታውሰው “ትምህርቱን ያስቆመው እሱ ነው” የሚለውን ነው። ሁለተኛው ወዲያው ከክፍል ማስወጣት ነው። በር ላይ ዞሮ ፈገግ ሲል ሽልማቱን ተቀብሎ ነው የሚወጣው። ማስወጣት የሚያስፈልገው በስም የተጠራች ልጅ ላይ ሲሆን፣ ማስፈራራት ሲኖር ወይም ከተነገረው በኋላ ሲቀጥል ነው። ሦስተኛው እንዳልሰሙ መሆን ነው፤ ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ልጃገረዶቹ መምህሩ እንደሰማ ያውቃሉ።

ቀጥሎ ያለው በዚያው ቀን ይደረጋል። መጀመሪያ ቃሉ የተወረወረባት ተማሪ ለብቻዋ ትጠየቃለች፤ በክፍል ፊት “ደህና ነሽ?” ማለት ሁለተኛ ማሳፈር ነው። ከዚያ ልጁ ለብቻው ይጠራል፤ 10 ደቂቃ ይበቃል። ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ወንበር እያስተካከሉ ወይም ጎን ለጎን እየሄዱ ቢሆን ይሻላል። ከሁሉ የተሻለ የሚሠራው ጥያቄ “ለምን እንዲህ አልክ?” አይደለም፤ መልሱ ሁሌም “ቀልድ ነው” ነውና። “ያን ስትል ማን እንዲስቅልህ ነበር የፈለግከው?” ይባል። ብዙ ልጅ እዚህ ላይ ይቆማል፤ አንዳንዱ የአንድ ጓደኛውን ስም ይጠራል። ቀጥሎ “እሱ ባይኖር ትለው ነበር?” ይባላል። ስብከት መጨመር አያስፈልግም፤ የሚጠበቅበት ነገር ግን በግልጽ ይነገረዋል፦ ምን እንዳይደግም፣ ከደገመ ምን እንደሚሆን፣ ልጅቷን ይቅርታ የሚጠይቅ ከሆነ እሷ ከፈለገች ብቻ እንደሆነ።

በመጨረሻ ይጻፋል። ቀኑ፣ የተናገረው ቃል እንዳለ፣ ማን እንደሳቀ፣ ምን እንደተደረገ፤ አራት መስመር ነው። “አክብሮት የጎደለው ንግግር” ብሎ መጻፍ ለምንም አይጠቅምም፤ ከወር በኋላ ምን እንደተባለ ማንም አያስታውስም። ወላጅም ሲጠራ “ልጄ እንዲህ አይልም” ማለቱ አይቀርም። “ማን ሳቀ” የሚለው ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲገለጥ ነገሩ የአንድ ልጅ መሆኑና የአንድ ቡድን መሆኑ ይለያል።

የሚስቁትን ምን እናድርግ?

ለየብቻ ማነጋገር። በቡድን ከተጠሩ ቡድኑን ማጠናከር ይሆናል። እያንዳንዱን “አንተ ስትስቅ አየሁ፤ በነገሩ ትስማማለህ?” ብሎ መጠየቅ ነው። አብዛኞቹ “አይ” ይላሉ። “እንግዲያው ሳቅህን አትስጠው” ማለት ይበቃል። ተነሥቶ ጓደኛህን ተቃወም ማለት ለ14 ዓመት ልጅ ከባድ ጥያቄ ነው፤ አለመሳቅ ግን ይችላል። ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ሳቃቸውን ሲያቆሙ ክፍሉ ላይ የሚመጣው ለውጥ ከብዙ ቅጣት ይበልጣል።

ዒላማዋ ሴት መምህር ስትሆንስ?

በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 30 ሴት መምህራንን አነጋግረው በ2023 ባወጡት ጥናት፣ ወንዶች ተማሪዎች በሴት መምህራን ላይ የሚያሳዩት ንቀትና ማዋከብ ከኢንፍሉዌንሰሮች (በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ተከታይ ካላቸው ሰዎች) አነጋገር ጋር እንደተያያዘ ተገልጿል። የትምህርት ቤት አመራሮች የተለመደው ስህተት ጎበዝ የሚባል ወንድ መምህር ልኮ ክፍሉን ማስጸጥ ነው። ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ልጆቹም የተማሩት ቪዲዮው የነገራቸውን ነው፦ የሴት ቃል አይበቃም።

የሚሻለው ውሳኔው ከራሷ አፍ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ርዕሰ መምህሩ ወይም ወንድ ባልደረባ ቢገኝ እንኳ ከጎን ይቆማል፣ እሷ ትናገራለች፣ ቅጣቱንም እሷ ትገልጻለች። ወንድ መምህራን የሚፈለጉት በሌላ ቦታ ነው፦ በራሳቸው ክፍል፣ ሴት መምህር በሌለችበት፣ ተመሳሳይ ቀልድ ሲሰሙ በዚያው አጭር አነጋገር ማስቆም። ወንዶች ብቻ ባሉበት የሚታለፍ ነገር ሁሉ “በሚስጥር እንስማማለን” ተብሎ ይወሰዳል።

“ክፍሏን መቆጣጠር አቅቷታል” የሚለው አነጋገር ከመምህራን ክፍል ካልወጣ መምህራኑ ሪፖርት ማድረግ ያቆማሉ። ቁጥሩ ሲቀንስ አመራሩ ችግሩ ተፈታ ብሎ ያስባል።

ሁሉንም ሰብስበን ኢንፍሉዌንሰሩን በስም ብናወግዝስ?

አይመከርም። የማያውቁት ልጆች ማታ ይፈልጉታል። የሚያደንቁት ደግሞ “እውነቱን ስለሚናገር ይጠሉታል” የሚለውን ራሱ የሰውየውን አባባል ያረጋግጡበታል። ልጆቹ ስሙን ካነሱ መሸሽ የለበትም፤ መምህሩ ቀድሞ ማንሳቱ ግን ማስታወቂያ ነው። ስለ ይዘቱ ማስተማር ካስፈለገ ከ25 እስከ 30 ልጅ ባለበት መደበኛ ክፍል፣ አልጎሪዝም እንዴት እንደሚሠራና ማን ከምን ገንዘብ እንደሚያገኝ ቢሆን ይመረጣል። ታዳጊ መመከር አይወድም፤ መታለሉን ሲያውቅ ግን ይናደዳል፤ ንዴቱም በትክክለኛው አቅጣጫ ይሄዳል።

ቤት ውስጥ ወሬውን እንዴት ልጀምር?

“ይህን ቆሻሻ ከየት አመጣኸው?” ተብሎ ከተጀመረ እዚያው አለቀ። ልጁ ማየቱን አያቆምም፤ መናገሩን ነው የሚያቆመው።

ዓይን ለዓይን ከመተያየት ይልቅ አብሮ ሥራ እየሠሩ ወይም መንገድ ላይ ይጀመር። “በዚህ ሳምንት በጣም የወደድካቸውን ሦስት ቪዲዮዎች አሳየኝ” ይበሉት። ሲያሳይዎ እስከ መጨረሻው አብረው ይዩ፤ አያቋርጡ፣ በረጅሙ አይተንፍሱ፣ ፊትዎን አያጨማዱ። ከሦስቱ አንዱ ምናልባት እርስዎንም ያስቅዎታል፤ ይሳቁ። ከዚያ አንዱን ይምረጡና ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ “ይህ ሰውዬ ገቢው ከምንድን ነው?” እና “ቪዲዮው ሲያልቅ ወዴት ሂድ ይልሃል?” መጨረሻው ብዙ ጊዜ የኮርስ ምዝገባ፣ የሚሸጥ የጡንቻ ማፈርጠሚያ ዱቄት፣ ወይም የቴሌግራም ወይም የዲስኮርድ ግሩፕ ነው። ልጁ ራሱ ቢያገኘው ከእርስዎ አሥር ምክር ይበልጣል።

የሚስማሙበትን ሳይናገሩ የማይስማሙበትን አይናገሩ። “ስፖርት ሥራ፣ ገንዘብህን አትበትን፣ አታልቅስበት ተነሣ” የሚለው ውስጥ ጥሩ ነገር አለ፤ ልጁም የሳበው ይኸው ነው። “ጠዋት ተነሥቶ መሥራቱን ወድጄዋለሁ። እኅትህን ግን እንዲህ ብሎ ቢጠራት ምን ይሰማሃል?” ሲባል ልጁ መምረጥ እንደሚችል ያያል። ሁሉንም በአንድ ላይ ከጣሉበት ሁሉንም በአንድ ላይ ይከላከላል።

አንድ ነገር በቅንፍ እንበል፦ ልጁ አባቱ፣ አጎቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ስለ ሴቶች ሲያወሩ ይሰማል። ቤት ውስጥ የእናቱ ሀሳብ በፌዝ የሚታለፍ ከሆነ ቪዲዮው አዲስ ነገር አልነገረውም።

ስልኩን ብነጥቀው አይሻልም?

ለተወሰነ ጊዜ ሊያስፈልግ ይችላል፤ በተለይ እንቅልፍ ላይ ከሆነ ችግሩ። ማታ ስልክ ከመኝታ ክፍል ውጭ እንዲያድር ማድረግ ከሁሉም ቀላልና ከሁሉም የሚጠቅም ደንብ ነው፤ ለወላጆችም የሚሠራ ከሆነ ብቻ ይጸናል። ቅጣት ሆኖ ለሳምንታት ሲነጠቅ ግን ልጁ የጓደኛውን ስልክ ወይም ሁለተኛ አካውንት ይጠቀማል፤ የሚያየውን ማወቅም ያበቃል።

ትምህርት ቤት ውስጥ መከልከሉ ሌላ ጉዳይ ነው። በ2022ቱ ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተና ላይ፣ በኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች ድርጅት) አባል አገሮች በአማካይ 65 በመቶ ተማሪዎች ቢያንስ በአንዳንድ የሂሳብ ክፍለ ጊዜዎች በዲጂታል መሣሪያ ሐሳባቸው እንደሚበተን ተናግረዋል። ፈረንሳይ በ2018 በሕግ እስከ መካከለኛ ደረጃ ከልክላለች። አውስትራሊያ ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዋና ዋናዎቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች አካውንት እንዳይኖራቸው በ2024 ሕግ አውጥታ ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ስልክ ሲከለከል መምህርን በድብቅ መቅረጽና በእረፍት ሰዓት ክሊፕ መዞሩ ይቀንሳል። ከቤት ይዞት የመጣው አነጋገር ግን በር ላይ አይፈተሽም።

የልጄን ፊድ (አፑ ተራ በተራ የሚያቀርብለትን ቪዲዮ) ማጽዳት ይቻላል?

ይቻላል፤ ልጁ አብሮ ከሠራው ብቻ። በቲክቶክ ከፕሮፋይሉ ሦስቱን መስመሮች ነክቶ ወደ ሴቲንግ፣ ከዚያ ወደ ኮንተንት ፕሪፈረንስ ይገባና “ሪፍሬሽ” የሚለውን መጫን ነው። በኢንስታግራምም በኮንተንት ፕሪፈረንስ ሥር “ሪሴት” አለ። በዩቲዩብ የታዩትንና የተፈለጉትን ታሪክ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት፣ የማይፈለግ ቻናል ሲመጣም ሦስቱን ነጥቦች ነክቶ “ዶንት ሪኮመንድ ቻናል” ማለት ነው። የቦታዎቹ ስም በየአፕዴቱ ትንሽ ይቀያየራል። በቲክቶክ የማይፈለጉ ቃላትን የማጣሪያ ቦታም አለ፤ ከልጁ ጋር ስምንት አሥር ቃል ማስገባት ነው። “ፋሚሊ ፔሪንግ” የሚባለው ደግሞ የወላጅን አካውንት ከልጁ ጋር ያገናኛል።

ብዙዎች በሳምንቱ ተመልሶ ያው ሆነ ይላሉ። ምክንያቱ ሦስት ነው። የሚከተላቸው አካውንቶች አልተነኩም፤ ሪሴት እነሱን አይሰርዝም። ጓደኞቹ በግሩፕ የሚልኩለት ሊንክ ሲከፈት እንደ አዲስ ፍላጎት ይቆጠራል። ከሪሴት በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሰዓት ደግሞ በከንቱ ያልፋል። በዚያ ሰዓት ልጁ የሚወዳቸውን 15 ያህል ነገሮች እየፈለገ እስከ መጨረሻ ቢያይ አልጎሪዝሙ የሚይዘው ነገር ያገኛል፤ ባዶ ከተተወ “ታዳጊ ወንድ” የሚለው ግምት ይሞላዋል።

“ቻሌንጅ” የሚባለው ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ቻሌንጅ ማለት ልጆች እየተፎካከሩ አንድ ድርጊት ፈጽመው ቀርጸው የሚለጥፉበት ነው። አሠራሩ አንድ ነው፤ ተመልካች ስላለ የሚደረግ ነገር ነው። በመስከረም 2021 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ “ዲቪየስ ሊክስ” በሚል ተማሪዎች ከትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት የሳሙና ማስቀመጫ እየነቀሉ ይቀርጹ ነበር፤ ቲክቶክ ሃሽታጉን በወሩ አጋማሽ አነሣ። ትምህርት ቤቶች የሚሳሳቱት ገና ሳይደርስ ለሁሉም ወላጅ ማስጠንቀቂያ በመላክ ነው፤ ያልሰማው ሁሉ በዚያ ይሰማል። የተጎዳ ነገር ካለ ስለ ጉዳቱ ብቻ ይነገር፤ የቻሌንጁ ስም አይጠራ።

ወንዶች ልጆች የሴት ተማሪን ፎቶ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) እርቃን አድርገው አሰራጩ። ከየት እንጀምር?

ከልጅቷ። መጀመሪያ እሷና ቤተሰቧ ከትምህርት ቤቱ ይስሙ እንጂ ከግሩፕ ቻት አይሁን። “ለምን ፎቶ ለጠፍሽ?” የሚባል ጥያቄ የለም፤ ለእንዲህ ያለው ምስል የተለመደ የክፍል ፎቶ ይበቃል።

ምስሉን ማንም አይላክ፣ ስክሪንሹት አያንሳ፣ “ለማስረጃ” ብሎ ወደ ርዕሰ መምህሩ አያስተላልፍ። ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ እንዲህ ያለ ምስል መያዝ በብዙ አገሮች ለመምህርም ወንጀል ነው። የሚጻፈው መግለጫ ነው፦ የትኛው አፕ፣ የአካውንቱ ስም፣ የግሩፑ ስም፣ ሰዓቱ፣ ማን አይቶ እንደተናገረ። ስልክ ከተያዘ ሁለት አዋቂዎች ባሉበት ይዘጋና ለፖሊስ ይቆያል፤ ማንም አይከፍተውም። ከዚያ ለፖሊስና ለአፑ ሪፖርት ይደረጋል። የአሜሪካው የጠፉና የተበዘበዙ ልጆች ማዕከል “ቴክ ኢት ዳውን” የተባለ ነፃ አገልግሎት አለው፤ ምስሉ ከስልኩ ሳይወጣ ዲጂታል አሻራው (ምስሉን የሚለይ ኮድ) ብቻ ይላካል፣ ተሳታፊ ድርጅቶችም በአሻራው ፈልገው ያነሡታል።

“ልጆች ናቸው፣ ቀልድ ነው” ብሎ በውስጥ መጨረስ አይቻልም። በስፔን አልሜንድራሌሆ ከተማ በ2023 ከ20 በላይ ልጃገረዶች ላይ ይህ ተደርጎ፣ በ2024 የወጣቶች ፍርድ ቤት 15 ታዳጊዎች ሳይታሰሩ ለአንድ ዓመት በክትትል ሥር እንዲቆዩ ወስኖባቸዋል፤ ስለ ፆታ እኩልነትና ስለ ቴክኖሎጂ አጠቃቀም እንዲማሩም አዝዟል። ከልጅቷ ጋር በአንድ ክፍል ያለው አድራጊ መቀየር ካለበት የሚቀየረው እሱ ነው፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ እሷ ናት የምትቀየረው።

ወንዶቹ ራሳቸው አይጎዱም?

ይጎዳሉ፤ ሲጎዱም አይናገሩም። “ወንድ አያለቅስም” የሚለውን ሲሰማ የዋለ ልጅ እርዳታ መጠየቅን እንደ ሽንፈት ያያል።

ከሁሉ አስቸኳዩ በእርቃን ምስል ማስፈራራት ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እንደሚለው ገንዘብ ለመቀበል የሚደረገው ይህ ማስፈራራት በአብዛኛው የሚያጠቃው ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶችን ነው። “ቆንጆ ልጅ” መስሎ ይቀርባል፣ ምስል ይቀበላል፣ ወዲያው ብር ይጠይቃል፣ ለጓደኞችህ ሁሉ እልካለሁ ይላል። ሁሉም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ አይከፈል፤ የከፈለ ይበልጥ ይጠየቃል። ቻቱ አይሰረዝ፤ መልስ መስጠት ይቁም፣ የአካውንቱ ስምና መልእክቱ ይያዝ፣ ሪፖርት ይደረግ፣ ከዚያ ብሎክ። ልጁ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል “ጥፋተኛው አንተ አይደለህም” ይሁን፤ ያን ሌሊትም ብቻውን አይደር።

ከዚያ ቀስ እያለ የሚመጣው የሰውነት ጉዳይ ነው። ምግብ እየዘለለ የጡንቻ ዱቄት ብቻ የሚጠጣ፣ መስታወት ፊት ሰዓታት የሚያሳልፍ፣ ስለ ጡንቻ ማሳደጊያ መርፌ የሚጠይቅ ልጅ ሐኪም ያስፈልገዋል።

የሠራ ፕሮግራም አለ?

አለ፤ አንዱ በስፖርት አሠልጣኞች በኩል የሚሄደው ነው። በአሜሪካ “ኮቺንግ ቦይስ ኢንቱ መን” የሚባለው ፕሮግራም አሠልጣኞች በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ያህል ስለ አክብሮት ከቡድናቸው ጋር እንዲነጋገሩ ያደርጋል። በካሊፎርኒያ በ16 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ ውጤቱ በ2012 ወጣ፤ ተጫዋቾቹ ጓደኛቸው ሲያጠፋ ጣልቃ መግባታቸው ጨምሯል፣ ከዓመት በኋላም በፍቅር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ከሌሎቹ ቀንሶ ታይቷል። ምሥጢሩ ልጆቹ አሠልጣኙን ማስደሰት መፈለጋቸው ነው። በአንጻሩ በዓመት አንድ ቀን ከውጭ የመጣ ተናጋሪ የሚሰጠው ንግግር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሰውየው በማግስቱ የለም፣ ልጆቹ ግን አሉ።

መቼ ነው ወደ አማካሪ ወይም ወደ ባለሙያ የሚመራው?

በስም የተጠራች ልጅን ወይም መምህርን መከታተል ከጀመረ፣ ሴቶችን የገደለ ሰውን ካደነቀ፣ “ያዩኛል” ዓይነት ማስፈራሪያ ከጻፈ፣ ከድሮ ጓደኞቹ ሁሉ ተቆርጦ በኦንላይን ግሩፕ ብቻ መኖር ከጀመረ፣ ወይም “መኖር ምን ያደርግልኛል” ካለ በዚያው ቀን ይመራ። የመጨረሻው ከተሰማ ሌላው ሁሉ ይቆያል፤ የቅጣት ጉዳይም ቢሆን።